የዓባይ ለስላሳ ቅርፊት ኤሊ

በየብስ የምናውቀው ኤሊ ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ ይመስላል፤ በኦሞ፣ በባሮና በቱርካና ሐይቅ የሚኖረው ይህ ዘመዱ ግን ጀርባው እርጥብ ቁርበት ነው። አጥንት አለው፤ ከላይ የሚሸፍነው ጠንካራ ሰሌዳ ግን የለም። የቅርፊቱ ጠርዝም ውስጡ አጥንት ስለሌለ ሲጫኑት ይታጠፋል። በእያንዳንዱ እግሩ ሦስት ጥፍር ብቻ ስላለው በሳይንሳዊ ስሙ ትሪዮኒክስ ትሪዩንጉዊስ ተብሏል። ትልቁ የጀርባው ርዝመት ወደ 1 ሜትር ይጠጋል፤ ክብደቱም ከ40 ኪሎ ያልፋል።

ብዙውን ጊዜ አሸዋ ወይም ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ፣ ዓይኑንና እንደ ቱቦ የሾለ አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ያደፍጣል። ውሃው ጥልቅ ካልሆነ ከተኛበት ሳይነሳ ረጅም አንገቱን ሰድዶ አየር ይስባል። ሲሰጥምም በቆዳውና በጉሮሮው ሽፋን አማካይነት ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይወስዳል፤ ትልቁ ድርሻ የቆዳው ነው። ይህ ግን አየርን አይተካለትም፤ መረብ ውስጥ ተጠላልፎ ከቆየ ይሞታል። ስለዚህ ኤሊ ባለበት ውሃ የተጣለ መረብ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት።

ዓሣ፣ ቀንድ አውጣ፣ ነፍሳት፣ በድን፣ ውሃ ላይ የወደቀ የዘንባባ ፍሬ ሁሉ ይበላል።

እንስቷ ከውሃው ከፍ ባለ አሸዋማ ዳርቻ በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ቆፍራ ከ25 እስከ 100 ድቡልቡል እንቁላል ትጥላለች። ጫጩቶቹ በሁለት ወር ገደማ ይፈለፈላሉ። ወንዙ በዚህ መሀል ከሞላ ጽንሱ አየር አጥቶ ይታፈናል፤ አርጃኖም ቆፍሮ ይበላዋል። ጎጆውን ማዛወር ግድ ከሆነ የእያንዳንዱ እንቁላል የላይኛው ጎን በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ ሳይገለበጥም ይቀመጣል። ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ከተያያዘ በኋላ እንቁላሉ ከዞረ ሊሞት ይችላል።

መንጠቆ የዋጠ ኤሊ ሲገኝ ገመዱን መጎተት አንጀቱን ይቀዳል። ሐኪም ዘንድ ማድረስ ካልተቻለ ገመዱን አፉ አጠገብ ቆርጦ መልቀቅ ይሻላል። ሲነሳ ከኋላ እግሮቹ አጠገብ፣ ግራና ቀኝ የቅርፊቱ ጠርዝ ይያዛል። ጎኑን መያዝ አደገኛ ነው፤ አንገቱ እስከዚያ ይደርሳል፣ ንክሻውም ሥጋ ይቆርጣል።

በሜዲትራኒያን ዳርቻ ያሉት ከሁሉም የባሰ አደጋ ላይ ናቸው። በቱርክ ዳልያን አካባቢና በእስራኤል ወንዞች ጥቂት ቀርተዋል። ኔታንያና ሐዴራ የሚኖሩ ወገኖቻችን በመካከላቸው በሚፈስሰው በአሌክሳንደር ወንዝ ድልድይ ላይ ቆመው ሊያዩዋቸው ይችላሉ፤ ዳቦ ባይጥሉላቸው ግን መልካም ነው።