የአደን ጠመንጃ መነጽርና መግጠሚያው

የአደን ጠመንጃ መነጽር በጠመንጃው ጀርባ ላይ የሚታሰርና የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ ነው። መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዘው ብረት መግጠሚያ ይባላል። መሠረትና ሁለት ቀለበቶች አሉት። ብዙ ገዢ ገንዘቡን መነጽሩ ላይ ይጨርስና መግጠሚያውን ካገኘው ርካሽ ያነሳል። ጥይት ካለቦታው መሄድ ሲጀምር ግን አብዛኛውን ጊዜ የላላው መግጠሚያው ነው። እዚህም ሰፊውን ቦታ የሚይዘው እሱ ነው።

(ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1840ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በጠመንጃ ላይ መነጽር ይታሰር ነበር፤ አንዳንዱ የአፈሙዙን ያህል ይረዝማል። አጭሩን የአደን መነጽር ማን እንደጀመረው ያከራክራል። ኦስትሪያዊው የደን ሹም አውጉስት ፊድለር በ1880 ሠራው ይባላል። የቪየናው መነጽር ሠሪ ካህለስ ደግሞ ቴሎራር የተባለውን መነጽሩን በ1900 አወጣ። በ1935 የጀርመኑ የሌንስ ኩባንያ የዛይስ ባለሙያ አሌክሳንደር ስማኩላ ሌንስን በስስ ሽፋን መቀባት ፈለሰፈ። ሽፋኑ ነጸብራቅን ስለሚቀንስ ወደ ዓይን የሚደርሰው ብርሃን ጨመረ።

መነጽርን ለተራው አዳኝ ያደረሰው ግን አሜሪካዊው ዊሊያም ራልፍ ዊቨር ነው። በ1930 ያወጣው 330 የተባለ መነጽር መግጠሚያውን ጨምሮ 19 ዶላር ነበር። ከጀርመን የሚመጣው ብዙ እጥፍ ያስከፍል ስለነበር ገበሬውም የፋብሪካ ሠራተኛውም ገዛው። በ1933 ወደ ኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ ተዛወረ። በስሙ የሚጠራው ዝርግ መሠረት ዛሬም በየሱቁ አለ። ለዚህ ሰው የሚገባው ክብር ተሰጥቶታል ለማለት ይከብዳል።

የዚያ ዘመን ትልቁ ችግር ጭጋግ ነበር። ብርድና ሙቀት ሲፈራረቁ መነጽሩ ውስጡ ያላበዋል። አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ውስጥ በ1907 የቅየሳ መሣሪያ በመጠገን የጀመረው ሉፖልድ የተባለ ኩባንያ ወደዚህ ሥራ የገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ከቤተሰቡ አንዱ፣ ማርከስ ሉፖልድ፣ መነጽሩ ጭጋግ ሞልቶበት አጋዘን አምልጦት ነበር ይባላል። ኩባንያው በ1947 ፕሌይንስማን የተባለውን አወጣ። መነጽርን በናይትሮጅን ሞልቶ መድፈንም የቤቱ መለያ ሆነ። በ1962 ደግሞ ዳር ዳሩ ወፍራም፣ መሐሉ ቀጭን የሆነውን መስቀል (መነጽሩ ውስጥ የሚታየውን የማነጣጠሪያ መስመር) አስተዋወቀ። ዛሬ አብዛኛው የአደን መነጽር ይህንኑ ዓይነት መስቀል ይዟል።

ምርጫው ላይ መጀመሪያ የሚታየው ቁጥር ነው። 3-9×40 ማለት ከ3 እስከ 9 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 40ን ለ9 ሲያካፍሉ 4.4 ይመጣል። ይህ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ወደ 4 እጥፍ ሲወርድ 10 ይሆናል። ሲመሽ የሰው ብሌን የሚከፈተው ከ5 እስከ 7 ስለሆነ፣ በድንግዝግዝ አዳኝ ማቅረቡን መቀነስ አለበት። 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ ብርሃን ይጨምራል የሚለው የሱቅ ወሬ ነው። የሚጨምረው የማስተካከያውን ስፋት፣ ማለትም መስቀሉ ወደ ላይ ወደ ታችና ወደ ጎን የሚሄድበትን ልክ ነው። ሌላው የዓይን ርቀት፣ ማለትም ሲያነጣጥሩ ዓይን ከኋላው ሌንስ የሚርቀው ነው። 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልሆነ፣ እንደ .375 (የጥይቱ ውፍረት በኢንች) ያለ ከባድ ጠመንጃ ሲረግጥ መነጽሩ ቅንድብ ይፈነክታል።

ወደ መግጠሚያው ስንመጣ የዊቨርና የፒካቲኒ መሠረቶች ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ፒካቲኒ በ1995 የአሜሪካ ጦር መለኪያ ሆኖ የወጣ ነው። የቀለበቱ አግዳሚ ብረት የሚገባበት ጎድጓዳ ስፋቱ 5.23 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዊቨር 4.57 ነው። ስለዚህ የዊቨር ቀለበት ፒካቲኒ ላይ ይገባል። የፒካቲኒ ቀለበት ግን ዊቨር ላይ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይላል። ሲዜድ 550 የተባለው የቼክ ጠመንጃ የራሱ 19 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ስላለው የራሱን ቀለበት ይፈልጋል። የጀርመኗ ሱል ከተማ የእጅ ባለሙያዎች በብረት ጥፍር የሚያዝ፣ ተነቅሎ ተመልሶ እዚያው ቦታ የሚቀመጥ መግጠሚያ ይሠሩ ነበር። አደገኛ አውሬ ለሚያድን ተነቃዩ ይመረጣል፤ በቅርብ ርቀት በብረቱ ማነጣጠሪያ መተኮስ ያስችላል።

ቀለበቱ የፊት ሌንሱ አፈሙዙን እስካልነካ ድረስ ዝቅ ያለ ይሁን። ከፍ ካለ ጉንጭ ከሰደፍ ይነሳል። የመሠረቱ ብሎን ከመጥበቁ በፊት ዘይቱ ይጠረግ። በካቻቪቴ እስከ ጉልበት ድረስ መጠምዘዝ ቱቦውን ይጨፈልቃል። የቀለበት ብሎን አብዛኛውን ጊዜ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ መግዛት ይሻላል።

በአገራችን ምንሽር፣ ውጅግራና ቤልጅግ ስማቸውን ያስጠሩት ያለ መነጽር ነው። ቤልጅግ የማውዘር ዝርያ በመሆኑ መነጽር ሲታሰርበት የቃታው እጀታ ወደ ላይ ሲነሳ ይገጨዋል። ተኩስ የሚከለክለው የቁልፉ ምላስም መውጫ ያጣል። ሁለቱንም መቀየርና ጀርባውን መብሳት ግድ ነው። አንዴ የተበሳ አይመለስም፣ ታሪክ ያለው መሣሪያ ባይነካ ይሻላል።

መነጽር በእርግጥ የሚፈተንበት የባሌና የአርሲ ደጋ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውን የደጋ አጋዘን በፈቃድ የሚያድኑ እንግዶች ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣሉ። ጠዋት ጉም ነው፣ ተኩሱም ብዙ ጊዜ ከሸለቆ ማዶ ነው። በ3500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል በ30 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ጥይት ራቅ ባለ ርቀት ትንሽ ከፍ ብሎ ይመታል። በአውሮፕላንና በፈረስ የተንገላታ መነጽርም ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ የአደን ሰፈር እንደተደረሰ በ100 ሜትር ዒላማ ላይ ይሞከራል። ጥይቱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ፣ ክሊኩ (ማስተካከያው አንዴ ቀጭ ሲል የሚያመጣው ለውጥ) 1 ሴንቲ ሜትር በሆነው መነጽር 10 ክሊክ፣ ሩብ ደቂቃ (የማዕዘን እንጂ የሰዓት ደቂቃ አይደለም) በሆነው ደግሞ 14 ክሊክ ወደ ላይ ይዞራል። ከዚያ እንደገና ይተኮሳል።