«ያለ ኮምፒውተር ኮዲንግ» ምንድን ነው?

የአዲስ ዓመት ሰሞን በደረሰ ቁጥር ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት አንድ ወረቀት አለ። የአደይ አበባ ሥዕል በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ በየክፍሉ ቁጥር ተጽፎበታል፤ 1 ቢጫ፣ 2 አረንጓዴ፣ 3 ቡናማ ነው። ልጁ ቁጥሩን እያየ ይቀባል፤ ከራስጌውም «ያለ ኮምፒውተር ኮዲንግ» የሚል ርእስ ይነበባል። ዘንድሮ ለአራተኛ ጊዜ ሳየው ዝም ማለት አቃተኝ።

ሥዕሉ አይጠቅምም አልልም። በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲው ቲም ቤልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኮምፒውተር ሳይንስን ያለ ኮምፒውተር የማስተማሪያ ጨዋታዎችን ሲያደራጁ፣ ቁጥርን ወደ ሥዕል የመለወጥ ልምምድም አካትተው ነበር፤ ያስተማሩበት ግን የምስል አወካከልን፣ ማለትም ኮምፒውተር ሥዕልን በቁጥር እንዴት እንደሚይዝ ነው። «ኮድ» የሚለው ቃል አንዳንዴ ምልክትን፣ አንዳንዴ ደግሞ የትእዛዝ ጽሑፍን ስለሚያመለክት ሁለቱ ተቀላቅለዋል። ኮዲንግ ትእዛዝ መጻፍ ነው፤ በአበባው ወረቀት ላይ ግን ልጁ ታዛዥ እንጂ አዛዥ አይደለም።

አንድ አስተያየት ሰጪ ተራ በተራ የሚፈጸም ዝርዝር ሁሉ ኮዲንግ እንደሆነ ሲከራከሩ አንብቤያለሁ። ዝርዝሩን የሚቀበለው ማን እንደሆነ ዘንግተውታል። አዲስ አበባ ውስጥ ለእንግዳ መንገድ ስንነግር «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ትንሽ አለፍ ስትል ጠይቅ» እንላለን፤ እንግዳው የጎደለውን በራሱ እየሞላ ይደርሳል። ኮምፒውተር ግን መጠየቅ የማያውቅ እንግዳ ነው፤ «ትንሽ» ስንት እርምጃ እንደሆነ ካልተነገረው ግራ ይገባዋል፣ የት እንደሚቆም ካልተነገረው ከተማውን ለቆ ይሄዳል፣ መንገዱ ተቆፍሮ ቢያገኘውም «ከተቆፈረ በግራ ዙር» የሚል ቃል አስቀድሞ ካልሰማ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ልጆች ሊለማመዱት የሚገባው ለእንዲህ ያለ እንግዳ መንገድ መንገርን ነው።

ለዚህ የሚሆን ነገር በበዓሎቻችን ሞልቷል። የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያ በሆነው በባሕረ ሐሳብ የዓመቱ ወንጌላዊ የሚታወቀው ዓመተ ምሕረቱን ከ5500 ጋር ደምሮ ለ4 በማካፈል ነው፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢያልቅ ዮሐንስ ይሆናል። 5500ም ሆነ ማንኛውም ሙሉ መቶ ያለ ቀሪ ለ4 ስለሚካፈል፣ የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አኃዞች በጠጠር መቁጠር ይበቃል። 

ለ2018 ዓ.ም. 18 ጠጠር ይቀርባል። «4 ወይም ከ4 በላይ ጠጠር እስካለ ድረስ 4 አንሣ፤ የቀረውን ቁጠር» የሚለው ትእዛዝ አራት ጊዜ ተፈጽሞ 2 ይቀራል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። የማስተምራቸው ልጆች በዚህ ድግግሞሽን ጻፉ። «ዮሐንስ ከሆነ ገና ታኅሣሥ 28 ነው፤ ካልሆነ 29 ነው» ብለው ሲጨምሩ ደግሞ ቅድመ ሁኔታን ጻፉ። የጳጉሜን 6 ጉዳይም በሉቃስ ላይ እንዲሁ ይጻፋል።

በክፍሌ አንድ ቡድን «ከ4 በላይ እስካለ ድረስ» ብሎ ጻፈ። በ18 ጠጠር ምንም እንከን አልታየም። በ16 ሲሞከር ግን ጠረጴዛው ላይ 4 ጠጠር ቀርቶ የተጻፈውን የምትፈጽመው ልጅ እጇን ሰብስባ ቆመች፤ ቀሪውን ከወንጌላዊው ጋር በሚያዛምደው ሰንጠረዥ ላይ 4 የሚባል የለም። ጸሐፊዎቹ «አንሺው እንጂ!» እያሉ ቢጮኹም ወረቀቱን እያሳየች «አልተባልኩም» አለቻቸው። ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ ያችን ደቂቃ አስበልጣለሁ፤ አበባ የሚቀባ ልጅ እንዲህ ያለ ስሕተት ሊሠራ አይችልም፣ ስለዚህም ሲያርም አይታይም።

ቡድኑ ትእዛዙን ማስተካከል ትቶ በሰንጠረዡ ላይ የዮሐንስን 0 ፍቆ 4 አደረገው። ይህም ለ2016 ትክክለኛውን መልስ ስለሰጠ አልከለከልኳቸውም፤ በ2000 ዓ.ም. እንዲሞክሩት ብቻ ጠየቅኋቸው። የሚያነሡት ጠጠር አልነበረም፤ ሰንጠረዣቸውም ላይ 0 የለም።