የዲዛይን ታሪክ ምንድን ነው? ከጊዜስ ጋር ምን አገናኘው?

ዲዛይን ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የፋሽን ልብስ ወይም የቤት ፕላን ነው። የዲዛይን ታሪክ ግን ከዚያ ይሰፋል። ሰው ለአገልግሎት የሠራው ዕቃ ሁሉ ለምን ያንን መልክ እንደያዘ የሚጠይቅ የጥናት ዘርፍ ነው። ማን ሠራው? ከምን ሠራው? ማን ተጠቀመበት? በምን ተተካ? ወንበሩም፣ ጀበናውም፣ የባጃጁ ጌጥም ይገባበታል። እንግሊዝ አገር ውስጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ የወጣው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የዲዛይን ታሪክ ማኅበር እዚያ የተቋቋመው በ1977 ነበር።

ከጊዜ ጋር ያለው ጣጣ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ኒኮላውስ ፔቭስነር የተባለ ከጀርመን ወደ እንግሊዝ የሄደ ምሁር ለዘርፉ መሠረት የሆነ መጽሐፍ አሳተመ። ታሪኩ ከእንግሊዛዊው ዲዛይነር ከዊሊያም ሞሪስ ይነሳና ጀርመናዊው አርክቴክት ቫልተር ግሮፒየስ ላይ ይደርሳል። በመጽሐፉ ውስጥ ጊዜ እንደ ቀጥ ያለ መስመር ነው። አሮጌው ይቀራል፣ አዲሱ ይመጣል፤ ጌጡ ይቀንሳል፣ ቅርጹ እየጠራ ይሄዳል። ከፊት የሚሄዱት ጥቂት አውሮፓውያን ናቸው። የተቀረነው ወይ እንከተላለን፣ ወይ ጭራሽ አንታይም።

በዚያው ዓመት ወሎ ምን ላይ እንደነበረች አስቡ። የጣሊያን ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1936 መሆኑ ነው። ከተማዋ ከዚያ በፊት ኅዳር ላይ በአውሮፕላን ተደብድባለች። ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ የሚወጣው የመኪና መንገድ፣ ጌጥ የሌላቸው ለስላሳ ፊት ሕንጻዎች፣ ዛሬም "የጣሊያን ሥራ" እያልን የምናሳያቸው፣ በዚያ ወረራ የመጡ ናቸው። ለንደን ላይ እድገት ተብሎ የተጻፈው ነገር እዚህ ቦምብ አስከትሎ ነው የገባው። አንዱን ዓመት ከሁለት ቦታ ስታየው መስመሩ ቀጥ ብሎ አይቆምልህም። እኔን ወደዚህ ጥናት የሳበኝ ከምንም በላይ ይሄ ነው።

የመስመሩ ሌላ ጉዳት ደግሞ ዝም ያለ ነው። ከእሱ ውጪ የቀረውን ዕቃ ዕድሜ ያሳጣዋል። የጀርመን ወንበር ለእይታ ሲቀርብ ዓመቱም የሠሪውም ስም አብሮ ይጻፋል። ሞሰብ ሲቀርብ ግን ብዙ ጊዜ "ባህላዊ የእንጀራ ማቅረቢያ" ተብሎ ያልቃል። መቼ ተሠራ? ማን ሠራችው? መልስ የለም፤ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ እንደነበረ ተደርጎ ይታለፋል። ይሄ ያበሳጫል፤ ደግሞም ስህተት ነው።

እስቲ አንድ ሞሰብ ቀረብ አድርገን እንየው። ስንደዶው በአክርማ እየተጠቀለለ፣ በወስፌ እየተበሳ፣ ዙሩን እየያዘ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ እጅ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። አሁን ቀለሙን እዩት። ያ ደማቅ ሮዝና ወይን ጠጅ አብዛኛውን ጊዜ ከገበያ በተገዛ የዱቄት ቀለም የተነከረ አክርማ ነው። የፋብሪካ ቀለም ታሪክ የሚጀምረው በ1856 እ.ኤ.አ. ነው። ዊሊያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ወጣት ለንደን ላይ የወባ መድኃኒቱን ኪኒን በኬሚስትሪ ለመሥራት ሲሞክር ሳያስበው ወይን ጠጅ ቀለም አገኘ። የቀለም ኢንዱስትሪው ከዚያ ተነሳ። እንግዲህ እጁ የጥንት ነው፣ ቀለሙ የኢንዱስትሪ ዘመን ነው። አሁን አሁን ደግሞ በአክርማ ፋንታ የፋብሪካ ክር የሚጠቀሙ አሉ፤ ያ ሌላ ዘመን ነው። ይህን ሁሉ አቻችላ፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው አጠገብ እንደሚያምር የምትወስነው ሴት ናት። እሷን ዲዛይነር ካላልን ማንን ልንል ነው?

በ1986 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊቷ የታሪክ አጥኚ ቼሪል በክሊ ይህንኑ ጥያቄ አንስታለች። ሴቶች ከዲዛይን ታሪክ የጠፉት ሥራ ስላልሠሩ አይደለም፤ ታሪኩ የሚጻፍበት መንገድ ራሱ፣ ማለትም ምን ይመረጥ፣ ምን ዲዛይን ምን የእጅ ሥራ ይባል የሚለው፣ ስላወጣቸው ነው ብላ ሞገተች።

ሞሰቡ ላይ ያየነውን ነገር በደንብ ያስቀመጠው አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ጆርጅ ኩብለር ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ የአንድ ዕቃ ዕድሜ የተሠራበት ዓመት ብቻ አይደለም። ዕቃው ለአንድ ችግር የተሰጠ መፍትሔ ነው፤ ከሱ በፊትም ከሱ በኋላም ሌሎች መፍትሔዎች አሉ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ያለው ቦታ ሌላው ዕድሜው ነው። እዚያው አንድ ዕቃ ላይ አንዱ ባሕርይ ሽማግሌ፣ ሌላው ጨቅላ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ከላስታ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ከንጉሥ ላሊበላ በፊት እንደነገሠ የሚነገርለት ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ ያሳነጸው ቤተ ክርስቲያን አለ። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የነጣ ድንጋይ እየሆነ ይወጣል። ይህ የአክሱም አሠራር ነው፤ አግዳሚው እንጨት ግንቡን አስሮ ይይዘዋል። ከዚያ ላሊበላ ከተማ ውረዱና ቤተ አማኑኤልን እዩ። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ዓለት ነው። የሚያስረው እንጨት አያስፈልገውም። ግድግዳው ግን ረድፍ በረድፍ ወጣ ገባ ተደርጎ ተጠርቧል፤ ልክ እንጨትና ድንጋይ የተፈራረቀበት ይመስላል። ጠራቢዎቹ ጠፍጣፋ አድርገው ቢተዉት ድካሙ በቀነሰ ነበር። አልተዉትም። እንጨቱ ሄዶ መልኩ ቀረ። አክሱም ላይ ባሉት ትልልቅ ሐውልቶችም የተጠረበ የሐሰት በር፣ መስኮትና "የዝንጀሮ ራስ" የሚባለው የእንጨት ጫፍ አለ፤ ነገሩ ገና ያኔ ተጀምሯል ማለት ነው።

በፔቭስነር መስመር ይህ ወደኋላ መሄድ ነው፤ አዲስ አሠራር በአሮጌ መልክ። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ጠራቢዎቹ የትኛው ጊዜ በግድግዳቸው ላይ እንዲታይ እንደሚፈልጉ አውቀው የመረጡ ይመስለኛል። የተከበረ ቤት ምን እንደሚመስል ሰው ያውቅ ነበር፤ ያንን መልክ ይዘው ወደ አዲሱ ሥራ ገቡ።

ዛሬ ቤተ አማኑኤል ላይ ሌላ ጊዜ ተጨምሮበታል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከዝናብና ከፀሐይ እንዲጋርዱ ትልልቅ መጠለያዎች አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ተተክለዋል፤ አንዱ የእሱ ነው። ሲተከሉ ጊዜያዊ ተብለው ነበር። ከ10 ዓመት በላይ ቆመዋል፤ የከተማው ሰውም ክብደታቸው ዓለቱን እንዳይጎዳ ሲሰጋና ሲናገር ኖሯል። ስለ ቤተ አማኑኤል የሚጽፍ ሰው እነዚህን ምሰሶዎች ከፎቶው ቆርጦ ባያወጣቸው ደስ ይለኛል። ማን አዘዛቸው፣ ስንት ዓመት እንዲቆዩ ታሰበ፣ ካህናቱስ ምን አሉ የሚለው ከጠራቢዎቹ ሥራ ጎን መጻፍ አለበት።