የአባት የአየር ኃይል ዘመን ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታኒያ ንጉሣዊ አየር ኃይል ያገለገለ አባታቸውን ታሪክ የሚፈልጉ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በአንድ ስሕተት ነው፤ ብዙዎቹም እዚያው ላይ ይቆማሉ።

«የአገልግሎት ማህደሩን ካገኘሁ የት የት እንደዘመተ አውቃለሁ።» አያውቁም። የግል ማህደር የሚይዘው የተቀጠረበትን ቀን፣ ዝውውሩንና የማዕረግ ዕድገቱን ነው፤ ያውም በአህጽሮት። በአንዲት ሌሊት ወደ ጀርመን ከተማ ወደ ኤሰን ይብረር ወደ ሃምቡርግ ማህደሩ አይናገርም። ይህን ሳያውቁ ለወራት ጠብቀው ማህደሩ ሲደርሳቸው የሚያዝኑ ሰዎች ብዛት ያሳዝናል።

ዘመቻውን የሚናገረው የስኳድሮኑ (ያገለገለበት የአውሮፕላን ክፍል) የውሎ መዝገብ ነው። ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ኤር 27» በሚባለው ምድብ ይገኛል። (የ47ኛው ስኳድሮን መዝገብም እዚያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ከረንንና ጎንደርን የደበደበው ይኸው ስኳድሮን ስለሆነ ለእኛም ታሪክ ይጠቅማል።) መዝገቡ ሁለት ቅጽ አለው። ፎርም 540 የስኳድሮኑን የየዕለት ውሎ በአጭሩ ይተርካል። ፎርም 541 ደግሞ ለእያንዳንዱ በረራ የአውሮፕላኑን ቁጥር፣ የበረራ ቡድኑን ስም፣ የተነሣበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ይዘረዝራል። ፈላጊው 540ን ያገላብጥና ስሙን ሲያጣ ፋይሉን ይዘጋል። 541ን ይክፈቱ!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከማህደሩ ላይ ወደ ስኳድሮኑ የገባበትንና ከዚያ የወጣበትን ቀን ያውጡ፤ የእነዚያን ወራት ፋይል ብቻ ይጠይቁ። አባትዎ ተኳሽ ወይም የሬዲዮ ሠራተኛ ከነበረ አብራሪውን ይለዩና በአብራሪው ስም ይከተሉ። ላንካስተር የተባለው ቦምብ ጣይ ሰባት ሰው ይዞ ይበር ነበር፤ የሌሎቹ ስም አንዳንዴ በስሕተት ተጽፏል፤ አንዳንድ ስኳድሮን እንዲያውም አብራሪውን ብቻ ይመዘግብ ነበር። ቀኑንም ይጠንቀቁ፦ የሌሊት በረራ ሁለት ቀን ይነካል። 617ኛው ስኳድሮን የጀርመንን ግድቦች የመታው እ.ኤ.አ. ከሜይ 16 ወደ 17 ቀን 1943 ባደረው ሌሊት ነው። አንዱ ሰነድ በተነሡበት፣ ሌላው በተመለሱበት ቀን ቢመዘግበው ሁለት ዘመቻ አድርገው እንዳይቆጥሩት።

«ሁለት የአገልግሎት ቁጥር አለው፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ነው።» አይደለም። ተራ የአየር ኃይል ባልደረባ መኮንን ሲሆን አዲስ ቁጥር ይሰጠው ነበር። በአንዱ ቁጥር ብቻ የፈለገ ሰው የታሪኩን ግማሽ ያጣል።

«አውሮፕላኑ ኤጄ–ጂ ነበር፤ ይበቃል።» አይበቃም። በአውሮፕላኑ ጎን የሚጻፉት እነዚህ ፊደሎች የስኳድሮኑ ናቸው፤ አንዱ አውሮፕላን ሲወድቅ ለተተኪው ይሰጣሉ። የማይለወጠው እንደ ኢዲ 932 ያለው መለያ ቁጥር ነው።

«የበረራ ደብተሩ መንግሥት ዘንድ ተቀምጧል።» ደብተሩን የሚይዘው በራሪው ራሱ ነበር። ያልተወሰዱት፣ ለናሙና ከተቀመጡት ጥቂቶች በቀር፣ ተደምስሰዋል። መጀመሪያ የቤት ሣጥን ይፈተሽ።

«ሜዳሊያው ላይ ስም ስለሌለ የእሱ አይደለም።» ብሪታኒያ ለዚያ ጦርነት የሰጠቻቸው የዘመቻ ኮከቦች ስም አልተቀረጸባቸውም።

«ስሙ ከመዝገቡ የለም፤ ስለዚህ እዚያ አልነበረም።» 541 የሚዘረዝረው የበረሩትን ነው። መካኒኮች፣ ቦምብ ጫኞችና ሾፌሮች በስም የሚነሡት ከስንት አንዴ ነው፤ ለእነሱ ዋናው ማስረጃ ያው የግል ማህደሩ ሲሆን፣ የአየር ኃይል ጣቢያውን ሕይወት ደግሞ በዚያው ቤተ መዛግብት «ኤር 28» በሚባለው ምድብ ውስጥ ያገኙታል።