ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ስናወራ የምንስታቸው ነገሮች

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወይም አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) አንድ የሐበሻ ካፌ ገብታችሁ ትንሽ ብትቀመጡ፣ ወሬው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዋይት ሀውስ መድረሱ አይቀርም። ማን ተሾመ፣ ማን ተባረረ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተፈረመ። መከራከሩ ጥሩ ነው። ችግሩ ብዙው ክርክር የቆመው በተሳሳተ መረጃ ላይ መሆኑ ነው። ከነዚህ ስህተቶች አንዳንዱ ደግሞ ሰውን ከዚህ አገር እስከ ማስባረር ይደርሳል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ብዙ ድምጽ ያገኘ ፕሬዚዳንት ይሆናል»

ሁልጊዜ አይደለም። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ከዶናልድ ትራምፕ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ብልጫ ያለው ድምጽ አግኝተው ተሸንፈዋል። በ2000 አል ጎርም በግማሽ ሚሊዮን ገደማ በልጠው አልገቡም። ወሳኙ በየግዛቱ ተከፋፍሎ የተመደበው 538 የኢሌክቶራል ኮሌጅ ድምጽ ነው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከሜይን እና ከኔብራስካ በቀር በሁሉም ግዛቶች የመራው ሰው የግዛቱን ድምጽ ጠቅላላ ይወስዳል። በ2000 ነገሩ ሁሉ ፍሎሪዳ ላይ ቆሞ፣ እዚያ የነበረው ልዩነት 537 ድምጽ ብቻ ነበር። በ2024 ግን ትራምፕ በሁለቱም መንገድ አሸንፈዋል፤ በኢሌክቶራል ኮሌጅ 312 ለ226።

«ፕሬዚዳንቱ ከፈረመ አለቀ»

ፕሬዚዳንቱ የሚፈርመው ትእዛዝ በሥሩ ያሉትን መሥሪያ ቤቶች ያዛል። ሕግ የሚያወጣው ግን ኮንግረስ ነው፤ ገንዘብ የሚመድበውም እሱ ነው። በ2022 ጆ ባይደን የተማሪዎችን ብድር እሰርዛለሁ ብለው ስንቱ ደስ ብሎት ነበር። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ወሰነና እቅዱ ቀረ።

እኛን በቀጥታ የሚነካው ምሳሌ ዲቪ ነው። በየጊዜው «ዲቪ ተሰረዘ» የሚል ቪዲዮ ይዞራል። ዲቪ በ1990 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ የተቋቋመ ስለሆነ ጨርሶ የሚሰርዘው ሌላ ሕግ ነው። ይህ ማለት ግን ፕሬዚዳንት ሊያደናቅፈው አይችልም ማለት አይደለም። በ2020 በኮቪድ ጊዜ የትራምፕ አስተዳደር የዲቪ ቪዛን አገደ። የዲቪ ቪዛ የሚሰጠው እስከ ሴፕቴምበር 30 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ የደረሰው ዕጣ ዋጋ የለውም። አንዳንዶች ፍርድ ቤት ሄደው ተፈረደላቸው፤ ብዙዎች ግን ቀኑ አለፈባቸው። ዕቃቸውን ሸጠው፣ ሥራቸውን ለቀው ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ተሰረዘ ወይ?» ሳይሆን «ዘንድሮ ቪዛ እየተሰጠ ነው ወይ?» የሚለው ነው።

«ኢምፒች ተደረገ ማለት ወረደ ማለት ነው»

ኢምፒችመንት ክስ ነው። የታችኛው ምክር ቤት ይከሳል፣ ሴኔቱ ይፈርዳል፤ ለማውረድ ሁለት ሦስተኛ ድምጽ ያስፈልጋል። አንድሩ ጆንሰን በ1868፣ ቢል ክሊንተን በ1998፣ ትራምፕ ደግሞ በ2019 እና በ2021 ተከሰዋል። በዚህ መንገድ የወረደ ፕሬዚዳንት እስካሁን የለም። ኒክሰንም በ1974 የለቀቁት ክሱ ሳይጸድቅ በራሳቸው ነው።

«ዲሞክራት ለስደተኛ፣ ሪፐብሊካን በስደተኛ ላይ»

ዛሬ ባለው ሁኔታ በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል ሰፊ ልዩነት አለ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ታሪኩ ግን እንዲህ በሁለት ቃል አይገባም። በሱዳን በኩል የመጡ ብዙ ወገኖቻችን የገቡበትን የ1980 የስደተኞች ሕግ የፈረሙት ዲሞክራቱ ጂሚ ካርተር ናቸው። ዲቪን ያመጣውን የ1990 ሕግ የፈረሙት ግን ሪፐብሊካኑ አባት ቡሽ ናቸው። በ1986 ሬገን የፈረሙት ሕግ ደግሞ ወረቀት ያልነበራቸውን 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕጋዊ አደረገ። በዲሞክራቱ ኦባማ ዘመን ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ከአገር ተባርሯል።

ወደ አገር ቤት ጉዳይም ስንመጣ ያው ነው። በ2020 በህዳሴ ግድብ ድርድር የተነሳ የተወሰነ እርዳታ ያገደው የትራምፕ አስተዳደር ነበር። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ያስወጣው የባይደን አስተዳደር ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ሲሰፉ ከነበሩት ልጆች ሥራቸውን ያጡት ብዙ ናቸው። ፓርቲን እንደ እግር ኳስ ክለብ ይዞ መሟገት የትም አያደርሰንም። የእያንዳንዱን ተመራጭ ሥራ እያዩ መጠየቅ ይሻላል።

«ግሪን ካርድ አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ፣ እመርጣለሁ»

እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። በፌደራል ምርጫ ዜጋ ያልሆነ ሰው መምረጥ አይችልም፤ የ1996ቱ ሕግ ወንጀል ያደርገዋል። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ጣጣ ውስጥ የሚገባው ሳያውቅ ነው። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ይሄዳል። በ1993 በወጣ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቱ «መራጭ ሆነው መመዝገብ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ሠራተኛዋ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፣ ቋንቋው ገና ነው። እንግዳው «የስ፣ የስ» እያለ ይጨርሳል። ከዓመታት በኋላ ዜግነት ሲያመለክት ፎርሙ «ለመምረጥ ተመዝግበህ ታውቃለህ? ዜጋ ነኝ ብለህ ታውቃለህ?» ይለዋል። ያቺ «የስ» ያኔ ትመጣለች። ዜግነት ሊከለከል፣ አልፎም ከአገር እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል።

እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ አጠገባቸው ቁሙና እያንዳንዱን ጥያቄ አንብቡላቸው። ቀድሞ የተመዘገበ ካለ ደግሞ የዜግነት ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። መደበቅ ነገሩን ያባብሰዋል።

ለየት ያለ ነገርም አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ጎን ያለችው ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ ለከተማዋ ምክር ቤት እንዲመርጡ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ትፈቅዳለች። ይህ ግን የከተማዋ የራሷ መዝገብ ነው፤ ለሌላ ምርጫ አያገለግልም።

«ዲሲ የምንኖር ሰዎች ስልጣን አጠገባችን ነው»

በአካል አዎ። ዲሲ 700,000 ያህል ሕዝብ ይዛ አንድም ሴናተር የላትም። ወደ ታችኛው ምክር ቤት የምትልካት ተወካይም ሕግ ሲጸድቅ ድምጽ አትሰጥም። ዋዮሚንግ ከ600,000 ባነሰ ሕዝብ ሁለት ሴናተሮች አሏት። የዲሲ መኪኖች ታርጋ ላይ «ያለ ውክልና ግብር» የሚል አቤቱታ የተጻፈውም ለዚህ ነው። ለፕሬዚዳንት መምረጥ የተፈቀደላቸው እንኳን በ1961 በወጣ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።

«ዋናው ዋይት ሀውስ ነው፣ የሰፈሩ ምርጫ ምን ያደርጋል»

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት፣ የሰፈራችሁን ፖሊስ፣ የቤት ግብራችሁን የሚወስነው ፕሬዚዳንቱ አይደለም። «የሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የለውም፤ በሕግ ራሱን የቻለ ከተማ አይደለም። የሚያስተዳድረው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ካውንቲው አንድ ሥራ አስፈጻሚ እና 11 የምክር ቤት አባላት አሉት። ትምህርት ቤቶቹን ደግሞ ራሱን የቻለ፣ በምርጫ የሚመጣ ቦርድ ይመራቸዋል።

ካውንቲው ውስጥ ዲሞክራቶች በጣም ስለሚበዙ የሚያሸንፈው ሰው የሚለየው በፕራይመሪው፣ ማለትም ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት የቅድሚያ ምርጫ ነው። በ2018 ለሥራ አስፈጻሚነት በተደረገው የዲሞክራቶች ፕራይመሪ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፉት በ77 ድምጽ ነበር። በ2022 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ድምጹ ዳግመኛ ተቆጥሮ ልዩነቱ 32 ሆነ። ካውንቲው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው፤ 32 ሰው ግን ከአንድ የእድር ስብሰባ አይጠፋም።

ታዲያ ብዙ ወገን ዜግነት አግኝቶ ሲመዘገብ «ፓርቲ ውስጥ አልገባም» ብሎ ያልፋል። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ፍርሃት አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ፓርቲ ያልመረጠ ሰው በፓርቲዎቹ ፕራይመሪ አይመርጥም። ፓርቲ መያዝ መዋጮም ስብሰባም አያስከትልም። መዝገቡ ላይ የምትሞላ አንዲት ሣጥን ናት። ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ በፓርቲ መመዝገብ የለም፣ የፈለጋችሁት ፕራይመሪ ላይ መምረጥ ትችላላችሁ። ሜሪላንድ ያላችሁ ግን መዝገባችሁን አሁኑኑ እዩት፤ ፕራይመሪው ሲቃረብ ፓርቲ መቀየር ይዘጋል።