ክትር ምንድን ነው?

ክትር ቦረቦርን አቋርጦ የሚካብ ዝቅ ያለ የድንጋይ ግድብ ነው። ውሃ አያጠራቅምም። የጎርፉን ጉልበት ሰብሮ የተሸከመውን አፈር ያስጥለዋል፣ ውሃውም ቀስ ብሎ ወደ መሬት እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጠዋል። የከርሰ ምድር ውሃ ለምትጠጣው ድሬዳዋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከተማዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከበስተደቡብ ያለው የደንገጎ ተራራ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከ250 በላይ ሰው የበላው፣ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣው ከዚያ ገላጣ ዳገት ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ የተሠራው ግንብ ጎርፉን መንገድ ያስይዘዋል እንጂ አያሳንሰውም። ማሳነስ የሚቻለው ላይ፣ ቦረቦሩ ገና በእርምጃ በሚታለፍበት ቦታ ነው።

በክትሮች መካከል ያለው ርቀት በዓይን ግምት አይጣልም። የክትሩን ቁመት በ1.2 አባዝቶ ለቦረቦሩ ተዳፋት ማካፈል ነው። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ተዳፋቱ 10 በመቶ (0.10) ከሆነ በየ12 ሜትሩ፤ 20 በመቶ ከሆነ በየ6 ሜትሩ ይሠራል። ከዚህ ከተራራቀ በሁለቱ መካከል ውሃው እንደገና ጉልበት ያገኝና የላይኛውን ከግርጌው ይፈለፍለዋል።

መሠረቱ ግማሽ ሜትር ይቆፈራል፤ ክትሩ ግራና ቀኝ ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ቢያንስ 70 ሳንቲ ሜትር ይገባል። ብዙ ክትር የሚከሽፈው እዚህ ጋ ነው፦ ጎኑ ካልተቀበረ ጎርፉ ዞሮ ያልፋል፣ ክትሩ ሳይነካ ቆሞ ቦረቦሩ በአጠገቡ ይሰፋል። ሌላው ስህተት አናቱን እንደ ቤት ግድግዳ አስተካክሎ መካብ ነው። መሐሉ ከትከሻዎቹ 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ማስተንፈሻው እሱ ነው። ውሃው በሚወርድበት በታችኛው በኩልም ትልልቅ ድንጋይ ይነጠፋል። ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሣጥን) ከሆነ ደግሞ ከሽቦው ቀዳዳ የሚያንስ ድንጋይ አይሞላበትም፣ ሾልኮ ያልቃል።

ሥራው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር ማለትም እስከ የካቲት መጨረሻ መጠናቀቅ አለበት። በዘመቻ ሲሠራ ሪፖርቱ የሚጠይቀው የክትር ቁጥር ስለሆነ፣ ለመድረስ የሚቀለው የታችኛው ቦታ ይቀድማል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከላይ ያልተያዘውን ጎርፍ በሙሉ እዚያ ያራግፈዋል።

ድንጋይ ብቻውን ግን አይዘልቅም። ከላይ ያለው ዳገት ከከብትና ከፍየል ንክኪ ነፃ ካልሆነ ደለሉ ክትሩን ቶሎ ይሞላዋል። ለዚህ ነው የተፋሰሱ ተጠቃሚዎች መተዳደሪያ ደንብ የሚያስፈልገው፦ ሣሩ በማን ተራ ይታጨዳል፣ ከብት ያስገባ ስንት ይቀጣል፣ ጥበቃውን ማን ይከፍላል። ደቻቱን የሚሞላው ዳገት ከፊሉ የምሥራቅ ሐረርጌ ነውና፣ የድሬዳዋ ቀበሌ ብቻውን ያወጣው ደንብ ወሰኑ ላይ ይቆማል፤ ጎረቤት ቀበሌዎች አብረው መፈረም አለባቸው።

ደንቡ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የደለሉ ጉዳይ ነው። ክትሩ ሲሞላ ከኋላው ለማሽላ የሚሆን እርጥብ አፈር ይፈጠራል፣ ትናንት ማንም የማይፈልገው ቦረቦር ባለቤት ይበዛበታል። ማን እንደሚያርሰው ድንጋይ ከመደርደሩ በፊት በጽሑፍ ካልተያዘ፣ ድርሻ ያላገኘው ሰው ከክትሩ ላይ ድንጋይ እየነቀለ ለቤቱ አጥር ይወስዳል።