በክሎሪን የታገዘ የኦዞን መፍረስ፦ ብርሃኑን የሚቀበለው ማን ነው?

«በክሎሪን የታገዘ የኦዞን በብርሃን መፍረስ» የሚለው ስያሜ፣ ኦዞኑን የሚሰብረው ብርሃኑ ራሱ ሆኖ ክሎሪን ከጎን የቆመ ረዳት ያስመስለዋል፤ በእኔ አስተያየት ግራ የሚያጋባውም «የታገዘ» የሚለው ቃል ነው። ኦዞን አጥብቆ የሚመጥጠው የሞገድ ርዝመቱ 255 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) አካባቢ የሆነውን አልትራቫዮሌት ጨረር ሲሆን፣ ክሎሪን ጋዝ ግን ኦዞን እምብዛም የማይመጥጠውን የ330 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ተቀብሎ ወደ ሁለት አተሞች ይሰነጠቃል። ኦዞንን የሚያጠቃው እንግዲህ ይህ ብቻውን የቀረ የክሎሪን አተም ነው፤ ከሦስቱ የኦክስጅን አተሞች አንዱን ነጥቆ ክሎሪን ሞኖክሳይድ ሲሆን፣ የተቀሩት ሁለቱ ተራ ኦክስጅን ሆነው ይሄዳሉ።

በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ነገሩ በግልጽ ይታያል። በጨለማው የክረምት ወራት፣ በእጅግ ቀዝቃዛ ደመናዎች ገጽ ላይ ከሌሎች ውህዶች የተላቀቀው ክሎሪን ጋዝ ይጠራቀማል፤ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ፀሐይ ስትመለስ ይሰነጠቃል። ሁለት ክሎሪን ሞኖክሳይዶች ተጣምረው የሚፈጥሩትን ሞለኪውል ያው ብርሃን መልሶ ስለሚሰብረው፣ ክሎሪኑ ሳያልቅ ሌላ ኦዞን ፍለጋ ይወጣል። የብሪታንያው ሳይንቲስት ጆ ፋርማንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት የኦዞን መሳሳት ዋና ምክንያት ይኸው ዑደት ነው።